ስልሳኛው ካርታ

ሟቹ በደረጃው ግርጌ፣ በፒዛ ካርቶን ክምር ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ኢንስፔክተር ዊትስከ በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ቀድሞ የተቀበላት እሱ ሳይሆን ሽታው ነበር። የሻገተ አይብ፣ የከረመ ካልሲ፣ መስኮቱ ሳይከፈት የሰነበተ ቤት። በሥራዋ ያላየችው ዓይነት ሬሳ የለም፤ ከሬሳው ይልቅ ቤቱ ሲያቅለሸልሻት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አፍንጫሽን መያዝ ትችያለሽ፤ እኔም ይዤ ነው የገባሁት» አላት ሐኪሙ ሆክስትራ። በወደብ ከተማዋ ሀርሊንገን ሰው በድንገት በሞተ ቁጥር አብረው የሚጠሩ የድሮ ባልደረቦች ናቸው።

«ወድቆ ነው?»

«መውደቁንስ ወድቋል። አንገቱ ግን አልተሰበረም። ግንባሩን ተመትቶ ራሱን ሳተ፤ ከዚያ አፍና አፍንጫው እዚህ ቆሻሻ ውስጥ ተቀብሮ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ቶሎ አልሞተም፣ ዊትስከ። አንድ ሰው መጥቶ በጎኑ ቢያስተኛው ኖሮ አሁን ሆስፒታል ሆኖ ነርሶችን ይነዘንዝ ነበር።»

ቀና ብላ ደረጃውን አየችው። እንደ አገሩ ደረጃ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ መሰላል ሊባል ጥቂት የቀረው ነው። እንዲህ ባለው ደረጃ ላይ ያዳለጠው ሰው በመቀመጫው እየተንገጫገጨ ነው የሚወርደው። ይሄኛው ግን ታችኞቹን እርከኖች ሳይነካ አልፎ በግንባሩ አርፏል።

«እስቲ ገልብጠው» አለች።

ሲገለብጡት ደረቱ ላይ፣ በነጭ ሽንኩርት ስጎ ተጣብቆ፣ አንድ የመጫወቻ ካርታ ተገኘ። አረንጓዴ ዘንዶ የተሳለበት፣ በጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ የተከተተ። ዊትስከ ጓንቷን እንዳጠለቀች አላቀቀችውና ጣቷን በሽፋኑ ጠርዝ ላይ አስኬደች። ጥጉ ላይ ስትደርስ የሆነ ነገር ጓንቷን ያዝ አደረገው፤ በዓይን የማይታይ ጭረት። ካርታውን በማስረጃ ከረጢት ከታ ኪሷ ውስጥ አስገባችው፤ ለሐኪሙ ካልሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ሟቹ ቲሞን ይባላል። ሦስቱ ጓደኞቹ ማእድ ቤት ተቀምጠው ይጠብቋታል። የቡድኑ አለቃ ካስፐር ግዙፍ ነው፤ ጢሙ ውስጥ ፍርፋሪ ተሰክቷል። ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው ፌምከ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሬይንደር ደግሞ ከሲታ፣ ጥፍሩ በወጉ የተከረከመ ልጅ ነው። ጓደኛው ኮሪደር ላይ ተዘርሮ እሱ ቺፕስ ይበላል፤ ያውም ጣቱን እንዳያቀባ ቻይናዎች በሚበሉባቸው ሁለት እንጨቶች እያነሳ። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ዓሣ የታተመበት የዳቦ ከረጢት አለ። ዳቦውን ማንም አልነካውም፤ የከረጢቱ አንድ ጥግ ግን ተቀድዷል።

«እዚህ ቤት ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለች ዊትስከ፣ ሳትቀመጥ። የምትቀመጥበት ንጹሕ ወንበር አላገኘችም።

«ልምምድ» አለ ካስፐር። «በሚቀጥለው ሳምንት ዩትሬክት ላይ የካርታ ውድድር አለ። አንድ ቡድን ሦስት ሰው ነው፤ እኛ አራት ነን። እያንዳንዳችን በየራሳችን የካርታ እሽግ ከጠዋት እስከ ማታ እርስ በርስ እንጫወታለን፤ በልምምዱ ብዙ የተሸነፈው ይቀራል።»

«ማን ነበር የሚቀረው?»

«ወይ እኔ ወይ ቲሞን» አለች ፌምከ። «ካስፐር አለቃ ስለሆነ አይነካም። ሬይንደርን ደግሞ እዚህ ከመጣን ማንም አላሸነፈውም።»

«ዕድሌ ቀንቶ ነው» አለ ሬይንደር። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኢንስፔክተር፣ መናገር ባልወድም… ፌምከ ዛሬ ጠዋት ቲሞንን ‹አንገትህ ይሰበር› ስትለው ሁላችንም ሰምተናል» አለ።

«አዎ፣ ብያለሁ! ቡና በምጠጣበት ኩባያ ውስጥ የእግሩን ጥፍር ከርክሞ አስቀምጦልኝ ምን ልበለው? ‹ጤና ይስጥህ› ልበለው?»

በሩ ላይ የቆመው አሮጌው ፖሊስ ዮሪት ለዊትስከ ጠጋ ብሎ «እሷ ናት፤ ገፍትራው ወጥታ፣ ዳቦ ገዝታ ‹አገኘሁት› ብላ መመለስ አያቅታትም። ልውሰዳት?» ሲል ፌምከ ሰምታ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቆይ እስቲ» አለች ዊትስከ። «እናንተ የት ነበራችሁ?»

ሬይንደር የመኝታ ክፍሉ ውስጥ ሙዚቃ በጆሮው አድርጎ ተኝቶ እንደነበር፣ ምንም እንዳልሰማ ተናገረ። ካስፐር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ገላዬን እየታጠብኩ ነበር።»

ዊትስከ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበችና ወዲያው ተመለሰች። መታጠቢያ ቤቱን አይታ መጣች።

«ካስፐር፣ ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ገንዳው ውስጥ ደግሞ የብስክሌት ጎማ አለ። ተራ በተራ ነው ወይስ አብራችሁ የታጠባችሁት?»

ግዙፉ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። «እታች ክፍሌ ውስጥ ስልክ እያወራሁ ነበር። አንትወርፕ ውስጥ አንድ ጎበዝ ተጫዋች አለ። በፌምከ ቦታ ይግባ ብዬ… ገና አልተነጋገርንም እንጂ።»

«የኔ ቦታ?» አለች ፌምከ። «ከጠዋት እስከ ማታ ስታጫውተኝ የከረምከው እንግዲህ ለምንድን ነው?»

«መለማመጃ ሰው ያስፈልገን ነበር» አለ ካስፐር፣ ምንም ነውር ያለበት ሳይመስለው።

«ስትደውል ምን ሰማህ?» አለች ዊትስከ።

«የሆነ ነገር ጓ ሲል ሰምቻለሁ። ቀጥሎም ማንኮራፋት የመሰለ ነገር። ልወጣ ብዬ ነበር፤ ግን ሰውዬው እሺ ሊለኝ አንድ ሐሳብ ነበር የቀረው።»

ዊትስከ በመሐረቧ አፏን ጠረገች። አፏ ላይ ምንም አልነበረም።

ፌምከን ይዛት ወደ ባሕሩ ግድብ ወጣች። ነፋሱ ሲነካት ሁለቴ ሦስቴ በደንብ ተነፈሰች፤ ልጅቷም እንደዚያው።

«አንድ ነገር አስረጂኝ። አንድ ሰው የካርታ ሽፋን ጥግ ላይ በጥፍሩ ምልክት ቢያደርግ ምን ይጠቅመዋል?»

ፌምከ ቀጥ ብላ ቆመች። «ሲበውዝ ጥሩ ካርታው የቱ ጋ እንዳለ በጣቱ ያውቃል። ወደ ላይ ያመጣዋል። ስርቆት ነው። የማን ካርታ ላይ ነው ያዩት?»

«የሁላችሁም ሽፋን ጥቁር ነው፤ በምን ልለየው?»

«ካስፐር ነው አንድ ዓይነት የገዛልን። ግን… በልምምድ? ውድድር ላይ የሚያጭበረብር አይቻለሁ፤ ሽልማት አለው። በልምምድ የሚያጭበረብር ግን አብሮት የሚበላውን ሰው ነው የሚያታልለው። ያቅለሸልሻል።»

«ሽፋንስ መቼ ነው የምትቀይሩት?»

«የውድድሩ ዕለት ጠዋት። አዲስ ሽፋን ያዳልጣል፤ ለልምምድ አይሆንም። እስከዚያ የለበሰውን ለብሶ ይቆያል።»

ከግድቡ ሲመለሱ ዊትስከ በውጪው የቆሻሻ በርሜል አጠገብ ቆማ ክዳኑን አነሳች። ዮሪትን ጠርታ አንድ ነገር አሳየችውና ወደ ቤት ገቡ።

ሦስቱንም ሰገነቱ ላይ፣ በልምምዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አራተኛው ወንበር ባዶ ነው። ዮሪት ደረጃው አፍ ላይ ቆመ።

«እሽጎቻችሁን አምጡ» አለች።

የፌምከን አነሳች። ጠርዙ ጠቁሯል፤ ካርታው ከካርታ ጋር ይጣበቃል። የካስፐርን በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲያው አስቀመጠችው፤ ስለ እሱ አለመናገሩ ይሻላል። የሬይንደርን ስታነሳ ግን ካርታዎቹ ከእጇ እየሾለኩ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ።

«እዚህ ቤት ከገባሁ ንጹሕ ነገር ስነካ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሽፋኑን መቼ ቀየርክ፣ ሬይንደር?»

«ትናንት ማታ።»

«ትናንት?» አለ ካስፐር። «ዛሬ ቁርስ ላይ ማዮኔዝ ያንጠባጠብኩበት እሽግ የማን ነው ታዲያ? ‹አሳማ› ብለህ ሰድበኸኝ አልነበር እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው፤ ዛሬ ነው። ስለቆሸሸብኝ ቀየርኩት። ወንጀል ነው?»

«ወንጀል አይደለም» አለች ዊትስከ፣ ካርታዎቹን እየሰበሰበች። «ግን እዚህ ቤት ቆሻሻ ወደ ውጪ ወጥቶ አያውቅም። ፒዛው ኮሪደሩን እስኪዘጋ ድረስ ማንም አላወጣም። በርሜሉ ውስጥ ያለችው አንዲት ትንሽ ፌስታል ብቻ ናት። ውስጧ ማዮኔዝ የነካው ጥቁር ሽፋን አለ፤ ጥቂቶቹ ጥጋቸው ተጭሯል። ዮሪት ቆጠራቸው፤ ሃምሳ ዘጠኝ ናቸው።»

ፌምከ ቀስ ብላ ወደ ሬይንደር ዞረች። «ለዚህ ነው አንድም ቀን ያልተሸነፍከው?»

«እሽግ ስንት ካርታ ነው ያለው?» አለች ዊትስከ።

«ስልሳ» አለች ፌምከ። «አንድ ከጎደለ እሽግ አይባልም።»

«ይሄኛው ሳይጎድል ስልሳ ነው።» ዊትስከ ከመሃል አንዱን መዘዘች። ዘንዶም ጠንቋይም የለበትም፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ «አረንጓዴ ዘንዶ» ተብሎ ተጽፏል። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ምትክ ነው» አለ ካስፐር። «ካርታው የሌለው ሰው ለልምምድ ወረቀት ይከታል። ሬይንደር ግን ‹ምትክ የድሃ ነው› እያለ ይሳለቅብን ነበር።»

«ካርታው ጠፍቶብኝ ነው» አለ ሬይንደር። «ከጠፋ ቆየ።»

ዊትስከ ወረቀቱን ከሽፋኑ አውጥታ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ የሰማያዊ ዓሣ ጅራት አለ። ከማእድ ቤት ይዛው ወጥታ እግሯ ሥር ያኖረችውን የዳቦ ከረጢት አንስታ በተቀደደው ጥግ ላይ አስጠጋችው፤ ዓሣው ጅራቱን አገኘ።

«ይህን ከረጢት ፌምከ ይዛው ስትገባ ቲሞን ቀዝቅዞ ነበር። ስለዚህ ይህን ምትክ የሠራኸው ፌምከ ሬሳውን አግኝታ ስታለቅስ፣ እኛ ወደዚህ ስንነዳ ነው። ጓደኛህ ኮሪደር ላይ ተኝቶ አንተ እሽግህ አንድ ካርታ ጎደለው ብለህ ተጨነቅህ። ሃምሳ ዘጠኝ አድርገህ ብትተወው ‹ቲሞን ተውሶኝ ነበር› ብለህ ታመልጠኝ ነበር። አላስቻለህም።»

የማስረጃውን ከረጢት ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዘንዶው ስጎ ተለቅልቆ ያያቸዋል።

«ቲሞን ምልክቱን አገኘ። ማስረጃ ይሆነው ዘንድ ይህን ካርታ ከእሽግህ ላይ አንስቶ ወደ ካስፐር ሊወርድ ሲል ከኋላ ገፈተርከው። ያዳለጠው ሰው እንደሱ አይወድቅም። ከዚያ ወርደህ ካርታውን ፈለግህ፤ አጣኸው። ተመልሰህ ሽፋኑን ሁሉ ቀየርክ፣ አሮጌውን ጣልክ። ቆሻሻው ቤት ውስጥ ንጹሕ የሆንከው አንተ ብቻ ነህ፤ ያጋለጠህም ንጽሕናህ ነው።»

ሬይንደር ሲናገር ድምፁ የተከፋ ሕፃን ድምፅ ነበር።

«ሳቀብኝ። ‹በልምምድ? እኛን?› ብሎ ሳቀ። ለካስፐር ሊያሳየው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያጫውተኝም።»

ዮሪት ካቴናውን ሲያጠልቅለት ካስፐር ጠረጴዛውን ትኩር ብሎ እያየ በልቡ ሲያሰላ ቆየ።

«ፌምከ» አለ በመጨረሻ፣ «እንግዲህ እኔና አንቺ ቀረን ማለት ነው። የአንትወርፑን ሰውዬ ብንጨምር ሦስት እንሞላለን። ገና አንድ ሳምንት አለን።»

ፌምከ የራሷን እሽግ አነሳች፤ ጥቂት ይዛው ቆይታ ካስፐር ፊት አስቀመጠችው። «ይኸው፤ መለማመጃ ይሁንህ። አንተ ግን መጀመሪያ ታጠብ» አለችውና ልብሷን ልትሰበስብ ወረደች።

ሬይንደርን በዚያ ቀጥ ያለ ደረጃ ይዞ መውረድ ከባድ ነበር። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ሬሳው ተነስቷል፤ ካርቶኖቹ ላይ የቀረው የሰው ቅርጽ ብቻ ነው። ሬይንደር እዚያ ቆመ። ዊትስከ ይጸጸት ይሆናል ብላ ጠበቀችው።

«ካርታው የት ነበር?» አላት። «ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ ማሞቂያው ሥር ሳይቀር።»

«ከሱ ሥር። ደረቱ ላይ።»

«እሱን… አልነካሁትም። ስጎ ተለቅልቆ ነበር። ደምም ነበረው።»

«አውቃለሁ» አለች ዊትስከ። «ያን ጊዜ ገና ይተነፍስ ነበር። ብታገላብጠው ካርታህን ታገኝ ነበር፤ እሱም ይተርፍ ነበር።»

ሬይንደር በካቴናው መካከል ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። ንጹሕ ነበሩ።