«አንድ ክረምት ልየው» አለኝ

ፋውስቲኖን መጀመሪያ ያየሁት ከጃንጥላው ጋር ሲታገል ነው።

አቻዎ በምትባለው ከተማ ወደብ ላይ ነበር። የሰሜን ነፋስ ጃንጥላውን ገልብጦበት፣ በአንድ እጁ እሱን፣ በሌላው ሻንጣውን ይዞ እየተንገዳገደ ወደ ጀልባዬ መጣ። ከአባቴ በወረስኳት ጀልባ ከከተማው ወደ ደሴታችን ሰው የማመላልሰው እኔ ነኝ።

«እህቴ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብንጠብቅ አይሻልም?» አለኝ።

ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ስንቅ ይዘሃል?» አልኩት። «ቺሎኤ ደሴቶች ላይ እኮ ነው ያለኸው! እዚህ ዝናብ የሚያባራው ልብስ ሊቀይር ነው።»

ይሄኔ ጃንጥላው ከእጁ አምልጦ ባሕር ገባ። እሱም ከኛ ጋር ሳቀ። ጉድ የሠራኝ ያ ሳቁ ነው!

ለደሴታችን ጤና ኬላ የተመደበ ነርስ ነበር። የመጣው ከካላማ ነው፤ ከሰሜን በረሃ፣ ዝናብ ብርቅ ከሆነበት አገር። የማይደርቀው ልብስ፣ የሚሻግተው ጫማ፣ በአንድ ቀን የሚፈራረቀው ፀሐይና በረዶ ሁሉ ይገርመው ነበር። እኔ የሱፍ ካልሲ ሠራሁለት። እናቴ ኤርሲራ ደግሞ ትኩስ የድንች ቂጣ እየላከች አወፈረችው።

ጥር ሲገባ ፀሐይ ወጣች። ባሕሩ ረጋ፤ ቀኑም ረዘመ። ሥራ ስንጨርስ ዳርቻው ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። አንድ ቀን እጄን ያዘኝ... አልነጠቅኩትም።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ መጣ። በመስኮት እያየ ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም።»

«እኔና አንተስ... ምን ልንሆን ነው?»

በአገጩ ወደ ዝናቡ ጠቆመኝ።

«ኤድልሚራ... እስኪ አንድ ክረምት ልየው።»

ደሜ ፈላ።

«እኔ ለብሰህ የምትሞክረኝ ካፖርት ነኝ እንዴ? ልክህ ካልሆንኩ ልትመልሰኝ?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም...»

«በቃ! ፀሐይ ከፈለግህ አገርህ ሞልታልሃለች!»

ተኳረፍን። ትንሽ ደሴት ላይ ግን መኳረፍ ቀላል አይደለም፤ ወደ ከተማ የሚሄደው በኔው ጀልባ ነው። «እንደምን አደርሽ?» ሲለኝ ሞተሩን አስነሳለሁ። ተሳፋሪው ይሳሳቃል። እናቴ «ልጄ፣ ኩራት ቤት አያሞቅም» ትለኛለች። አልሰማኋትም።

ሐምሌ ላይ ማዕበሉ መጣ። ወደቡ ተዘጋ። እኔ አቻዎ አክስቴ ቤት ቀረሁ። ስልኩም ተቋርጧል። ነፋሱ የደሴታችንን ጣሪያ እየገነጠለ ነው ተባለ። እናቴ ብቻዋን ናት! በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ወደቡ እንደተከፈተ ተሻገርኩ። ዝናቡ አሁንም ይወርዳል። ወደ ቤታችን ስሮጥ ጣሪያው ላይ አንድ ሰው አየሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ተደፍቶ ሚስማር ይመታል። ሚስማሩን ሲስት ደግሞ አውራ ጣቱን።

«ፋውስቲኖ! ውረድ፣ ትወድቃለህ!»

እናቴ በር ላይ ብቅ አለች።

«ተይው ልጄ። ጣሪያው የተነሳ ዕለት እኔን አዝሎ ጤና ኬላ ያስገባኝ እሱ ነው። አሁን ግን ጎረቤት የጠገነውን ይኸው እያበላሸው ነው!»

ወረደ። ከአናቱ እስከ እግሩ ውሃ ያንጠባጥባል። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

«ክረምቱን አየኸው?» አልኩት።

«አየሁት።»

«እና?»

«አስጠሊታ ነው! መቼም የምወደው አይመስለኝም።» መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። «ግን ሰሞኑን መስኮት ላይ ቆሜ የማየው ዝናቡን አልነበረም። ጀልባሽን ነበር።»

እንባዬ መጣ።

«ታዲያ ያኔ ለምን...?»

«አባቴ የደቡብ ሰው ነበር። በረሃውን መቻል አቅቶት እናቴን ከነልጇ ጥሏት ሄደ። እኔም የሱ ልጅ ነኝ ብዬ ፈራሁ። የሞከርኩት አንቺን አይደለም ኤድልሚራ... ራሴን ነው።»

«ይህን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሞተር እያስነሳሽብኝ?»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እኔም ራስኩ።

በጥቅምት ተጋባን። እናቱ ከካላማ መጣች፤ ከበረሃው ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንግዳው ሁሉ ወደ ድግሱ ቤት ሲሮጥ፣ እሷ ግቢው መካከል ቆማ ቀረች። ሻርፗን አውልቃ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አንጋጣ፣ መዳፏን ዘርግታ እንደ ሕፃን ትስቃለች።

«እማዬ፣ ነይ ግቢ! ትታመሚያለሽ!» አለ ፋውስቲኖ።

«ተወኝ!» አለችው። «በስልክ ስታማርርብኝ የከረምከው ይሄን ነው? አንተ ውለታ ቢስ!»

እናቴ ይህን ስትሰማ ተመልሳ ወጣችና እጇን ያዘቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ዝናቡ ውስጥ መጨፈር ጀመሩ። ባሌ አየኝ፤ አየሁት። ጫማዬን አውልቄ ጎተትኩት።

«ኧረ ብርድ ነው!» እያለ... መጣ።