የአዳሙ የማኅበር ተራ

የአዳሙ አስከሬን አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ውጭ ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ፖሊስ ቀብሩን በማዘግየቱ ያጉረመርማል። ኢንስፔክተር እፀገነት ሳምንቱን ሙሉ ሞጣ ላይ በሌላ ጉዳይ ስትንከራተት ሰንብታ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ ቢቸና መግባቷ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የሟቹ ወንድም የኔሰው በሩን ተደግፎ ቆሟል። ጤፍ ነጋዴ ነው፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ዓይኑ አብጧል።

«ገዳዩማ ታውቋል» አለ። «ያቺ ትርሲት የምትባል የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። ከሞጣ እየመጣች ሞርፊን የሚሉትን ማስታገሻ ታጠጣዋለች። ትናንት ማታ ያንን ጠጥቶ ነው የሞተው። ዛሬ ጠዋት ልትጠይቀው ስትመጣ አስይዣታለሁ።»

«ሞርፊኑ ለምኑ ነበር?»

«እግሬ ይቃጠላል ይላል። ከጣሪያ ወድቆ ሕብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ፣ ከደረቱ በታች መርፌ ቢወጉት አይሰማውም። የማይሰማ እግር እንዴት ይቃጠላል? እሷ ግን እውነት ነው፣ ያማል ትላለች።»

«ወንድምህን አላመንከውም?»

«እሱን አምናለሁ። እሷን ነው ያላመንኳት።»

እፀገነት ብርድ ልብሱን ገለጠች። የሽንቱ ቱቦ በጭኑ በኩል ወርዶ ከአልጋው ሥር ከተንጠለጠለው ከረጢት ጋር ተያይዟል። ከረጢቱ ሞልቶ ተወጥሯል። ጎንበስ ብላ ቱቦውን በጣቷ ዳሰሰችው። ጭኑ አጠገብ ታጥፎ የቆየበት ምልክት አለ፤ በምልክቱ ላይ አንዲት የቃጫ ክር ተጣብቃለች። ክሯን አንስታ በወረቀት ጠቀለለቻት።

ሚስቱን ዘርፈሽን ጓዳ ውስጥ አገኘቻት።

«ትናንት ቤታችሁ ማን ነበር?»

«የሚካኤል ማኅበርተኞች፣ ከንስሐ አባታችን ከአባ ገብረ ሕይወት ጋር። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያ ተራው ነው። ይለፍህ ቢሉት እምቢ አለ። ደስ ብሎት ጠላውንም ደህና አድርጎ ጠጣ።»

«ሕመሙ መቼ ጀመረው?»

«እንግዶቹ ሳሉ ፊቱ ቀልቶ ያልበው ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። እነሱ ከወጡ በኋላ ‹ራሴ ሊፈነዳ ነው!› ብሎ ጮኸ። ትራሱን አውጥቼ አስተኛሁትና መድኃኒቱን አጠጣሁት። ባሰበት። ‹የኔሰውን ጥሪልኝ! የኔሰውን!› ይላል። የኔሰው ደግሞ አባን ሊሸኝ ሄዷል፤ እስከ ደጃቸው ሳያደርስ አይመለስም።»

«ላቡ የት ላይ ነበር?»

ዘርፈሽ ግራ ተጋብታ አየቻት። «ፊቱና አንገቱ ላይ። እግሩ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር፤ ሳሸው ነበራ።»

«የሽንቱን ከረጢት አይተሽዋል?»

«እንግዶቹ ሳይገቡ ደፍቼዋለሁ። ሲጮህ ስሮጥ እግሬ ተጠላለፈበት፤ ያን ጊዜም ባዶ ነበር።»

«ከዚያስ ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል? የኔሰው ሲደርስ አፉ ተሳስሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እኔ እየጮኽኩ ወደ ደጅ ወጣሁ። ዓይኑን የከደነው የኔሰው ነው።»

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ትርሲት ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች።

«ገድላዋለች ይሉሻል» አለቻት እፀገነት።

«ነግረውኛል። የሰጠሁት መጠን አይገድልም፤ ጠርሙሱን እዩት። ሞርፊን የበዛበት ሰው ይተኛል፤ ትንፋሹም እየቀነሰ ይሄዳል። እንዴት እንደሞተ እስካሁን የነገረኝ የለም።»

እፀገነት ነገረቻት። ገና ጩኸቱ ላይ ሳትደርስ ትርሲት ቀና አለች።

«ላቡ ከላይ ብቻ ነው? እግሩ ደረቅ?»

«አዎ። ምንድን ነው?»

«የሽንት ፊኛው ሞልቶ መውጫ አጥቷል። እንደ እሱ ጀርባው ከላይ በኩል የተጎዳ ሰው ሆዱ ቢወጠር አይሰማውም፤ አካሉ ግን ይደነግጣል። የደም ግፊቱ በአንዴ ይወጣል፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም እስኪፈስ ድረስ። ወዲያው ቀና አድርጎ ማስቀመጥና ቱቦውን መክፈት ነው።»

«ሚስቱ አስተኝታዋለች። አልነገርሻትም?»

ትርሲት እጇን ተመለከተች። «ለእሱ ብቻ ነው የነገርኩት። ስለ ሽንቱ በሚስቱና በወንድሙ ፊት እንዳላነሳ ለምኖኝ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ እፀገነት የኔሰውን፣ ዘርፈሽንና አባ ገብረ ሕይወትን አስከሬኑ ባለበት ክፍል ሰበሰበች። ትርሲትንም ፖሊስ ይዟት መጣ።

«እሷን እዚህ ማምጣት ምን የሚሉት ነው!» አለ የኔሰው።

«ተቀመጥ። ሁላችንም ደክሞናል። አዳሙ ሲጮህ ከረጢቱ ባዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ሞልቶ አገኘሁት። የሞተ ሰው ደግሞ ሽንት አይሠራም። ስለዚህ ሽንቱ ሆዱ ውስጥ ታግዶ ነበር ማለት ነው፤ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ለቀቀው።»

ዘርፈሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ቱቦው የታጠፈበት ምልክት አለው፤ የጤፍ ጆንያ አፍ የሚታሰርበት ቃጫም ቀርቶበታል። ቃጫው የማንም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ተዉት። ይልቅ አዳሙ ሚስቱ አጠገቡ እያለች የሌላ ሰው ስም የጠራው ለምንድን ነው? እንግዶቹ እስኪወጡ ታገሠ፤ ከወጡ በኋላ ደግሞ ቋጠሮውን የሚያውቀውን ሰው ፈለገ። ያ ሰው አስከሬኑ ጋ ብቻውን ቀርቶ ነበር።»

የኔሰው ከወንበሩ ላይ ዝቅ እያለ ሄዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ራሱ ነው የለመነኝ» አለ። «‹በአባ ፊት፣ ጸሎት እየተደረገ ሽንቴ ሲንጠባጠብ አይታይ፤ ማንም ሳያውቅ እሰርልኝ› አለኝ። ‹ሲወጡ ትፈታልኛለህ› አለኝ። ከዚያ ልሸኝ ወጣሁ። ስመለስ እየሞተ ነው፤ ክሩ ጨርሶ ከሐሳቤ ወጥቷል። በኋላ ሊገንዙት ሲመጡ እንዳያዩበት ብዬ ፈታሁት። በሚካኤል! መድኃኒቱ የገደለው ነበር የመሰለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እፀገነት። «አውቀህ ደብቀኸው ቢሆን ኖሮ ቶሎ እንዲቀበር ታደርግ ነበር እንጂ ራስህ ፖሊስ አትጠራም ነበር። ነገሩን ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ያረጋግጣል፤ ቃልህን ግን ዛሬ ትሰጣለህ።»

አባ ገብረ ሕይወት መቋሚያቸውን ያዝ ለቀቅ አደረጉ። «ለእኛ ብሎ ነው?» አሉ። «የታመመ ሰው ቤት መጥተን፣ ቱቦውን ብናይ ምን እንሆን ነበር?»

የኔሰው ወደ ትርሲት ዞረ። «ሲጠራኝ ደርሼ ብፈታው ይተርፍ ነበር?»

ትርሲት ኢንስፔክተሯን አየቻት። እፀገነት አልረዳቻትም።

«ሊተርፍ ይችል ነበር» አለች ትርሲት። «እኔም ነግሬህ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አታስረውም ነበር።»

ዘርፈሽ ተነሥታ የኔሰው አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አልነካችውም፤ አልራቀችውምም።

ደጅ ሲወጡ ትርሲት ቆመች። «መሄድ እችላለሁ?»

«ትችያለሽ። ወደ ሞጣ ነው?»

«ደብረ ወርቅ ጀርባዋ የተጎዳ ሴት አለችኝ። እሷም ስለ ሽንቷ ሳነሳ ሁሉንም አስወጪልኝ ትለኛለች።»

«ትንሽ አታርፊም?»

«ሳርፍ ይመሻል። ዛሬ ባሏም አማቷም ይቀመጣሉ» አለች ትርሲት። «ብታለቅስም አንድ ሰው አላስወጣም።»