እስከ አያት የተጻፈ ስም

«መርፌው ነው የገደላት» ትላለች ዙለይኻ፣ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ፤ ለገባው ለወጣው ያንኑ ትደግማለች። ቀትር ሳይሆን ወሬው ባጃጅ ተሳፍሮ ጭሮን አዳረሰ። ነገ የገበያ ቀን ነው፤ የመሰላ ወረዳ ሴቶች ለሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌያቸው የሚመጡበት። ወሬው ዛሬ ካልከሸፈ ማንም አትመጣም።

ኢንስፔክተር አብርሆት ይህን እያሰበች ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ሟቿ ሂክማ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔን ለምን እንደሚያቋርጡ ስታጠና ከርማ፣ ውጤቱን ዛሬ በጤና ጣቢያው ስብሰባ ልታቀርብ ነበር። ክንዷ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ደም አልቋጠረም። ከንፈሯ ግን ከውስጥ በልዟል።

ትናንት አመሻሽ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ነበሩ፤ ዙለይኻ፣ ነርሷ ኩብራ፣ የካርድ ክፍሉ ታጁዲን። ኩብራ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አመጣች። ከባላቸው ተደብቀው የሚወጉ ሴቶች ካርዳቸውን ቤት አይወስዱም፤ እዚያ ይተዉታል። ከመሃሉ የሂክማ ካርድ ወጣ፤ ትናንት ተወግታለች ይላል።

«አንቺ ነሽ የወጋሻት?»

«ወላሂ አልነካኋትም።»

አብርሆት ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ከዚያ ሦስቱን ሠራተኞች ሰበሰበች።

«ታፍና ነው የሞተችው። ሬሳ ሲወጋ ደም አይቋጥርም፤ መርፌው ለወሬ የተወጋ ነው» አለች። ዙለይኻ አፏን በሻርፗ ያዘች። «ደግሞ አንድ ባል ሳጥኑን ከበረበረ ወዲህ፣ ኩብራ እዚህ ካርዶች ላይ ቁጥር እንጂ ስም አትጽፍም። ይቺኛዋ ካርድ ግን ስም አላት፣ እስከ አያት። የከተታት ሰው ሌሎቹን አላየም። አዴ ዙለይኻ ፊደል አልቆጠሩም። እስከ አያት መጻፍ የማን ልማድ ነው፣ ታጁዲን?»

ታጁዲን ስም እየጠራ ካርድ ወደሚያድልበት መስኮት ዞረ።

«ጫት ላይ፣ በጨዋታ፣ ለአንድ ሰው ሚስትህ እኛ ጋ ትመጣለች አልኩት። ፈታት። ሂክማ ያቺን ሴት አናግራለች። ስሜን በስብሰባ ልታወጣው ነበር። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል አልፋለሁ?»

ያዙት። እውነቱን ግን የሚያሳፍር ባጃጅ አልተገኘም፤ በማግስቱ ስልሳ ሴት ይጠበቅ የነበረበት አግዳሚ ላይ ስድስት ተቀመጡ።

አብርሆት ጥናቱን ያነበበችው በሳምንቱ ነው። ሂክማ ጥፋቱን የጣለችው በመስኮቱ ላይ ነበር፤ ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል፣ ደጅ የቆመ ወንድ ሁሉ ይሰማል፣ ስለዚህ በቁጥር ይጠራ። የታጁዲን ስም ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አዲሱን አሠራር እንዲመራ ሂክማ ያጨችው ሰው በተጻፈበት መስመር ላይ፣ እስከ አያቱ።