ባሕር ማዶ ያለችው ኤደን

በዚያ ዓመት ክረምት ሳይገባ የደብሩ ክዳን ይታደስ ተባለ። የአንኮበር ሰው ሣሩን አጭዶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ መጣ። ክዳን ሠሪዎቹ የሚቆሙበትን ርብራብ የሚያስር ሰው ግን ጠፋ። እንጨትን ከእንጨት ጋር በጠፍር አስሮ፣ ሰው በአየር ላይ ቆሞ እንዲሠራ ማድረግ ድፍረት ይፈልጋል። በመጨረሻ አበባው የሚባል የመዘዞ ወጣት «እኔ አስራለሁ» ብሎ ወጣ።

ደመቀች የደብሩ ቄስ የመምሬ ወልደተንሣኤ ልጅ ናት። ለሠራተኞቹ ቆሎ ይዛ ስትመጣ አንድ ጠፍር ከላይ ወድቆ እግሯ ሥር አረፈ።

«እህቴ፣ እባክሽ ወርውሪልኝ!» አለ አበባው ከላይ ሆኖ።

«ወርደህ አትወስደውም?»

«ከወረድኩማ መልሼ አልወጣም።»

«ደክሞሃል?»

«የለም። ከሩቅ አይቼሽ እንዲህ የሆንኩ፣ ቀርቤ ባይሽ ማን ያስወጣኛል?»

ክዳን ሠሪዎቹ ሳቁ። «ኧረ ተው! የቄስ ልጅ ናት፤ ትገዘታለህ!» አለ አንዱ።

ደመቀች ፊቷ ጋለ። ጠፍሩን አንሥታ ወደ ላይ ወረወረችው፤ አበባው ጋ ሳይደርስ «ትገዘታለህ» ያለውን ሰውዬ ፊት መታው። ጀርባዋን አዙራ ሄደች። አበባው ግን ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየ።

ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቆሎ የማድረሱን ተራ ለማንም አልሰጠችም። ብዙ አልተነጋገሩም። እሱ ከላይ ያያታል፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። አንዳንዴ እሱ እንጨት ለማንሣት ጎንበስ ሲል እሷ ቀና ትላለች፤ ዐይን ለዐይን ይገጣጠሙና ሁለቱም ሥራ እንዳለባቸው ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ክዳኑ አልቆ ርብራቡ ሲፈታ ሌላው ሰው እልል አለ። እነሱ አዘኑ።

አበባው ሽማግሌ ላከ። መምሬ ሽማግሎቹን በደንብ ተቀበሉ፣ ጠላም አስቀዱላቸው። መልሳቸው ግን አጭር ነበር።

«ልጄን ለባለእጅ አልሰጥም። ዛሬ እንጨት ያስራል፣ ነገ ብረት ይቀጠቅጣል። ከዚያ ወዲያ ሰው ምን እንደሚለው እናንተም ታውቃላችሁ።»

ሽማግሎቹ ያውቃሉ። በዚያ ዘመን ባለእጅ የሚባል ሰው ይናቅ፣ ዐይኑም ይፈራ ነበር። የሠራውን ይወስዱበታል፣ ልጃቸውን ግን አይሰጡትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አበባው ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ደመቀችን ጠብቆ አገኛት።

«ኑር ሁሴን ከሚባለው ነጋዴ ጋር ልወርድ ነው» አላት። «ባሕር ማዶ ኤደን የምትባል ከተማ አለች አለኝ። ፈረንጆች ቤት በቤት ላይ ይሠሩባታል፤ ከፍታ የማይፈራ ሰው ይፈልጋሉ። ሠርቼ በሬ እገዛለሁ፤ በበቅሎም እመጣለሁ። በበቅሎ የተቀመጠን ሰው እጁን ማን ያየዋል?»

«ባሕሩ ቢበላህስ?»

«ባሕር እንደ አባትሽ አይከፋም።»

«አባቴን አትንካ!» አለች። ሳቋ ግን አመለጣት፤ ሳቋ ሳያልቅም እንባዋ መጣ።

ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። የደመቀች እናት እናናየሁ፣ ልጇ ሌላ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ራሴን አመመኝ ብላ ስትተኛ እያየች ትጨነቃለች። ባሏን ትፈራለች፣ ለልጇ ትፈራለች፤ በሁለቱ ፍርሃት መካከል ሆና ዝም ትላለች።

በሁለተኛው ዓመት ኑር ሁሴን ጨው ጭኖ ገበያ ወጣ። ደመቀች ጨው የምትገዛ መስላ ተጠጋችው።

«ወላሂ ደህና ነው!» አላት ነጋዴው፣ ድምፁ እንደ ጥሩንባ ነው። «ግንበኞቹ ሁሉ እሱ ባሰረው ርብራብ ላይ ነው የሚቆሙት። ሲወጣ ብታዪው! ጭላዳ ዝንጀሮ በይው፤ ጅራት ብቻ ነው የቀረው!»

በዙሪያው ያሉ ገበያተኞች ሳቁ። ደመቀችም አብራ ሳቀች። መንገዱን ስትጀምር ግን ሳቋ ቀረ። እሷ በሐሳቧ በበቅሎ አስቀምጣው ነበር፤ አሁን እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሰው ሲስቅበት ታየዋለች።

በማግስቱ እንስራዋን ይዛ ምንጭ ስትደርስ ጎረቤቷ በሰለች ከሌሎች ሴቶች ጋር ጠበቀቻት። በሰለች ወሬ ሳትሰማ አትተኛም።

«ያ የመዘዞ ልጅ የት ደረሰ? ጅብ በላው ይላሉ።»

«አልበላውም። ባሕር ተሻግሯል።»

«ተሻግሮስ የት ገባ?»

ርብራብ የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣ። ጭላዳ የሚለውም ተከተለው። ዋጠቻቸውና የአገሩን ስም ብቻ ተናገረች።

«ኤደን።»

በሰለች እንስራዋን አስቀምጣ አማተበች። «አዳምና ሔዋን የነበሩበት?»

ደመቀች እንስራዋን ከጀርባዋ ማውረድ ጀመረች።

«እናንተ ሴቶች፣ ስሙ! ኤደን ከደረሰማ ኢየሩሳሌም ደጁ ናት! እኛ ጅብ በላው ስንል ለካ ሊሳለም ነው የሄደው!»

አይደለም ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሴቶቹ ግን መንገድ ለቀው ውሃ እንድትቀዳ አስቀደሟት። ማንም አስቀድሟት አያውቅም። ይህ ጣማት፤ በመጣሙም ወዲያው አፈረች። እንስራዋን ሞልታ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ነገሩ ከምንጭ ወደ ደብር ደረሰ። መምሬ መጽሐፋቸውን ገልጠው አዩና «ገነትንስ ኪሩብ በነበልባል ሰይፍ ይጠብቃታል፤ ሰው አይገባባትም። ግን የኢየሩሳሌም መንገደኛ በአጠገቧ ያልፍ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በጸሎታቸው «ባሕር የተሻገረውን አገልጋይህን አበባውን ጠብቅ» ይሉ ጀመር። ደመቀች ያንን በሰማች ቁጥር ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ትስባለች።

«ልጄ፣ አባትሽ እሺ ሊሉ ነው» አለቻት እናቷ። «አንቺ ለምን ትከሻለሽ?»

«ጾሙ ነው፣ እማዬ።»

«ጾሙማ ገና አልገባም።»

ደመቀች እንስራዋን አንሥታ ወጣች።

አበባው የተመለሰው ገብስ ሲታጨድ ነው። በበቅሎ መጣ። በበቅሎው ግን ማንም አልተደነቀም፤ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ሊስም ወጣ። «የጌታን መቃብር ያየህ!» ይሉታል። «ለእኔስ ሻማ አበራህልኝ?» ይሉታል። በሰለች ሰው ጥሳ ገብታ እጁን ያዘች። መዳፉ ላይ ገመድ የላጠው ወፍራም ጠባሳ አለ።

«ጎልጎታን የዳሰሰ እጅ!» ብላ ጠባሳውን ሳመችው።

አበባው እጁን ሊነጥቃት ሲል ከሰዎቹ ራስ በላይ ደመቀችን አየ። ደመቀች ከንፈሯን ነክሳ፣ «አትናገር» እንደማለት በዐይኗ እየለመነችው ራሷን ወዲህና ወዲያ ነቀነቀች። ነገሩ ባይገባውም እጁን ለበሰለች ተወላት።

መምሬ በዚያው ሳምንት አስጠርተው «ልጄን ሰጥቼሃለሁ፤ በቁርባን ትጋባላችሁ» አሉት። ሁለቱ ብቻቸውን የተገናኙት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በምንጩ መንገድ ላይ ነው።

«ኢየሩሳሌም ሄደ ያለው ማን ነው?» አላት።

«ማንም አይደለ። እኔ ኤደን ነው ያልኩት።»

«ኤደንማ ነበርኩ። ዛፍ የሌለባት፣ ዓሣ ዓሣ የምትሸት አገር። ገነት እሷ ብትሆን አዳም ሳያባርሩት ራሱ ይወጣ ነበር!»

ደመቀች አልሳቀችም። አበባውም ሳቁን ተወ።

«ሥራዬን አላወቅሽም ነበር?»

«ኑር ሁሴን ነግሮኛል።»

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?»

ከእግሯ በታች ያለውን ጭቃ ታያለች።

«በእኔ አፍረሽ ነው፣ ደመቀች?»

«አፈርኩ» አለች።

አንዲት ሴት ውሃ ተሸክማ ስታልፍ ዝቅ ብላ አበባውን እጅ ነሣችው። እስክታልፍ ጠበቀ።

«እዚያ ያሉት ግንበኞች ቋንቋዬን አያውቁም» አለ። «ጠዋት ያሰርኩትን እንጨት በእግራቸው ይነኩና ያዩኛል። እኔ ራሴን ከነቀነቅኩ ይወጣሉ። ሌላ ምንም አይጠይቁኝም። ሰው እንዲህ ሲያምነኝ፣ ይህንን ለደመቀች እነግራታለሁ እል ነበር።»

«ንገረኝ» አለች።

«ይኸው ነገርኩሽ።» እጁን ሸማው ውስጥ አገባ። «አልፈርድብሽም። ያቺ ሴት እጄን ስትስም እኔም ዝም ብያለሁ። ነገ ግን አባትሽ ከቅዳሴ በኋላ ቆመህ ስለ ጌታ መቃብር ንገረን ብለውኛል። ዋሽቼ እንዴት እቆርባለሁ? እውነቱን ብናገር ደግሞ ዋሾ የሚሉት አንቺን ነው። በጠዋት ወደ መዘዞ ልሂድ። አታለለን፣ ጠፋ ይበሉ። ስድቡ እኔ ላይ ይሁን።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ሌላ ታገቢያለሽ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ልታስቆመው እጇን ዘርግታ ነበር፤ የማስቆም መብት ያላት ስላልመሰላት መለሰችው።

እሑድ ቅዳሴው አለቀ። ሰው ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ሆኖ በግቢው ተቀመጠ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

«አበባው የት አለ? ና፣ ልጄ፣ ቅረብ።»

አበባው ከአጥሩ ውጭ ነበር። በቅሎውን ጭኖ ተነሥቶ ነበር፤ መንገዱ በደብሩ ደጅ ያልፋልና እዚያ ሲደርስ እግሩ አልሄድ አለው።

ደመቀች ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እናቷ ቀሚሷን ብትይዛትም አልተቀመጠችም።

«አባቴ፣ አበባው ኢየሩሳሌም አልሄደም።»

«ዝም በይ። እዚህ ሴት አትናገርም።»

«ዝም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።» ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «እሱ የሄደባት ኤደን የንግድ ከተማ ናት። ለግንበኞች ርብራብ ሲያስር ነበር። አንድም ቀን ተሳላሚ ነኝ አላለም። እናንተ ስትሉ እኔ አይደለም አላልኩም። በሥራው አፍሬ ነው።»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙዎች ሳቁ። በሰለች አልሳቀችም፤ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ከንፈሯን ጠረገች። አንዴ ጠርጋ አልበቃትም፤ ደገመችው። ደመቀች ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ያ ቆረጣት።

መምሬ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። «በመቅደስ ስሙን አንሥቻለሁ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አይታወቅም። ልጄ አይደለሽም አላሏትም፤ ልጄ ነሽም አላሏትም። ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ።

እናናየሁ ተነሥታ የልጇን እጅ ያዘችና ወደ ደጁ መራቻት። ሰው ሊያይ ተከተላቸው። ከአጥሩ ውጭ አበባው የበቅሎውን ልጓም ይዞ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል። ደመቀች ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ እሱ ግን ከእሷ ላይ ዐይኑን አላነሣም።

«እናናየሁ!» አለች በሰለች ከኋላ። «እንግዲህ አማችሽ ምን ሊባል ነው? ተሳላሚነቱስ ቀረ!»

እናናየሁ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። በቅሎው አጠገብ ቆማ ወደ አበባው ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ ሥራህ በስሙ ምን ይባላል?»

«ርብራብ አሳሪ፣ እመይቴ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

እናናየሁ ቃሉን በአፏ ውስጥ አንዴ ሞከረችው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ርብራብ አሳሪ ነው» አለች። ከኋላ የቆሙት አልሰሙም። ስለዚህ ጮክ አለች። «አማቼ ርብራብ አሳሪ ነው!»

የሳቀም ነበር፣ ፊቱን ያዞረም ነበር። እናናየሁ ለሁለቱም ግድ አልሰጠችም፤ እንባዋን እየጠረገች አበባውን ትቆጣ ጀመር።

«አንተስ ጭነህ ወዴት ነው? ልጄ አብራህ የምትኮበልል መሰለህ? በል ወደ መዘዞ ሂድና ሽማግሎችህን ይዘህ ና።»

«መምሬስ እመይቴ?» አለ አበባው ቀስ ብሎ።

«መምሬን ለእኔ ተዋቸው።»

ያን ጊዜ ደመቀች ቀና አለች። እሷ የበቅሎውን አንገት ዳሰሰች፤ እሱ ጠባሳ ያለበትን እጁን ከሸማው አውጥቶ እጇ አጠገብ አሳረፈው። ጣቶቻቸው ሳይነካኩ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ጥቂት ቆዩ።

መምሬ ወልደተንሣኤ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ሰምተዋል። በዚያ ሳምንት በቤቱ ማንንም አላነጋገሩም፤ ለቁርባኑም ገና ንስሐ አለባችሁ ብለው ቀን አልቆረጡም። የመዘዞ ሽማግሎች ሲመጡ ግን ተነሥተው በሩን የከፈቱላቸው ራሳቸው መምሬ ናቸው።