ፍሬኑ ሲግል

«የፍሬን ዘይቱስ? ተቀይሯል?» አሉ ተቆጣጣሪዋ፣ በመንጃ ሜዳው መግቢያ ሞተር ሳይክሉ አጠገብ እንዳጎነበሱ።

«ትናንት ነው የቀየርኩት» አለ ባለ ሞተሩ ወጣት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ወደ ታናሽ እህቱ ዞረ። «እሷ ናት ያገዘችኝ። አይደል፣ ቁንጫ?»

ቁንጫ የሚላት ገና በዳዴ ሳለች ጀምሮ ነው። ትናንት ግን ማንም ማንንም አላገዘም። አዲሱን የፍሬን ሸራ ከገጠመ በኋላ «ዘይቱ ይደርሳል» ብሎ ለጥ ብሎ ተኛ። ዘይቱ እንደታሸገ አሁን እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪዋ ሽበታቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩዋት። ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ጠጋ አደረገች። ዝምታዋ እንደ አዎንታ ተቆጠረና ሞተሩ ላይ አረንጓዴ የማለፊያ ወረቀት ተለጠፈበት።

ሴትየዋ እልፍ ሲሉ እጅጌውን ያዘችው። «ለምን ትዋሻለህ?»

«አቦ አታካብጂ! አዲስ ሸራ ገብቶለታል፤ ይበቃዋል።»

«አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ? ያረጀ ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ ከዚያ በኋላ እጀታውን ብትጨብጠው ባትጨብጠው ያው ነው አላልክም?»

«ብያለሁ። እና አሁን መካኒክ ሆንሽ?» ሄልሜቱን አጠለቀ። ሄልሜት ላጠለቀ ሰው ደግሞ ምን ይነገረዋል?

ውድድር አልነበረም። ፍጥነት የሚወዱ ሰዎች መንገድ ላይ ከሚበሩ በተዘጋ ሜዳ ያሻቸውን ያህል የሚነዱበት ቀን ነው። ባለፈው ሲመጡ ፍሬኑ እየላላ አስቸግሮት ነበር፤ ሸራውን የለወጠውም ለዚሁ ነው። እሷ ከኩርባው አጠገብ የሽቦ አጥሩን ይዛ ቆመች።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ሲደርስ ሞተሩ ከፊቱ ደፋ ይላል፣ ፍጥነቱ ይሰበራል፣ ወንድሟ ጋደል ብሎ ይታጠፋል። «ሸራው ይይዛል እኮ» አለች ለራሷ። መሳሳቷን እንዲህ ተመኝታ አታውቅም። ዙሩ ሲደጋገም ግን ከበፊቱ ቀደም ብሎ ፍሬን መያዝ ጀመረ። ቀጥሎ ጣቶቹ እጀታውን ቶሎ ቶሎ ሲጨብጡና ሲለቁ አየች።

«ውጣ!» ብላ ጮኸች። የሞተሮቹ ድምፅ ጩኸቷን ዋጠው። እጆቿን አወዛወዘች። አጠገቧ የቆመ ሰውዬ ደስ ብሏት መሰለውና እሱም አብሯት አወዛወዘ።

በሚቀጥለው ዙር ሞተሩ ደፋ አላለም። ኩርባውን ስቶ ቀጥ ብሎ ጠጠሩ ውስጥ ገባ። አቧራ ሸፈነው። አጥሩን ከመጨበጥ በቀር የምታደርገው ነገር አልነበረም። አቧራው ሲገለጥ ሞተሩ በጎኑ ተጋድሟል፤ ወንድሟ ግን ቆሟል።

እየገፋ ይዞት መጣ። ይስቃል፤ ቀና ብሎ ግን አያያትም። ተቆጣጣሪዋ መጥተው ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«ዘግይቼ ያዝኩ፤ የራሴ ጥፋት ነው።»

ሴትየዋ ጎማውን አዩ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨበጡ። ፍሬኑ ቀዝቅዞ ነበርና እንደ ጤነኛ ፍሬን ጠንከር ብሎ ያዘ። «ተረጋግተህ ንዳ» ብለው ሄዱ።

«አሁን እንቀይረው። ዘይቱ ይኸው፤ እኔ እጀታውን እይዝልሃለሁ» አለችው።

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ብፈታው ጠዋት መዋሸቴ አይታወቅም? ዓመቱን ሙሉ ነው የሚያግዱኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁንጫዬ፣ በእናታችን። አንዴ ብቻ ልግባ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም።

ለእናቷ ልትደውል አሰበች፤ እናታቸው እቤት ሆና ከመደንገጥ በቀር ምን ታመጣለች? ቁልፉን ልትደብቅ አሰበች፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ብታለቅስ አቅፎ ያባብላትና ይሄዳል። በድምፅ ማጉያው የእሱ ምድብ ተጠራ። ወንድሟ ሄልሜቱን አነሳ።

እሷ ወደ ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ ሄደች።

«ጠዋት የጠየቁን... ዘይቱ አልተቀየረም። ሲግል ፍሬኑ ይጠፋል። የወደቀውም ለዚያ ነው።» ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ ሴትየዋ። ሄደው የዘይቱን ክዳን ፈቱ። ውስጡ እንደ ከረመ ሻይ ጠቁሯል። አረንጓዴውን ወረቀት ላጥ አድርገው አነሱት።

«ዘንድሮ እዚህ ሜዳ አትገባም» አሉት።

ወንድሟ የሽቦ አጥሩ ጥግ ሄዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጓደኞቹ ሞተራቸውን እያስጓሩ በፊቱ ሲያልፉ አንገቱን ደፋ። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሂጂልኝ።»

አልሄደችም።

«ሁለተኛ ወንድሜ ብለሽ እንዳትጠሪኝ።»

እሱ ተነስቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

እሷም ተነሳች፤ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች።