ግማሽ ሚሊሜትር

ሞተር ሠሪው ማጅራቱን በመዶሻ ተመቶ፣ ሊገጥመው ከጀመረው ሞተር አጠገብ ተደፍቶ ተገኘ። መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ወደ ሞተሩ ስትዞር የሟቹ ታናሽ ወንድም ደሙ ፈላ።

«የሞተው ወንድሜ ነው ወይስ ብረቱ? ገዳይቱ ያቻት!» ብሎ ወደ ሟቹ ሚስት ጠቆመ። «ጠዋት ‹ከሞተርህ ጋር ያጋድምህ› ስትለው ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል!»

«ብያለሁ! አንተን ምን አገባህ?» አለች ሚስትየዋ። ፖሊሱ ለእሷ ያመጣውን ካቴና ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«እኔን አሰናብቱኝ» አለ የመኪናው ባለቤት። «ሦስት ወር ያመላለሰኝ ሰው ነው፤ አላለቅስለትም።»

«እስቲ ቴስታታውን ያሳዩኝ» አለችው መርማሪዋ።

ባለመኪናው ከላይ የተጫነውን የሞተሩን ራስ ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ከታች ያለውን የዘይት ገንዳ አሳያት።

መርማሪዋ ሞተሩ ላይ የቆመችውን ቀጭን ዘንግ ነካች። «ይህቺስ?»

«መለኪያ ናት» አለች ሚስትየዋ። «ስትጠመዘዝ ትረዝማለች፣ ታጥራለች። ቫልቭ የሚገፉት ፑሽሮዶች በእሷ ልክ ከሱቅ ይታዘዛሉ። ባሌ ቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን ስስ ጋስኬት ሳያስገባ ለክቶ ውፍረቱን በወረቀት ይደምራል። ይሄ ወንድሙ ደግሞ ‹ጋስኬት ሲጠብቅ ይሳሳል፤ ካልገባ አይለካም› ባይ ነው። በዚሁ ተኳርፈው ይኸው ዓመታቸው።»

«ዓመት ሙሉ ይህን ደጅ አልረገጥኩም!» አለ ወንድምየው።

መርማሪዋ የዘንጓን ልክ መዝግባ፣ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ቴስታታውን አስነሥታ ጋስኬቱን ገለጥ አደረገችና ሁሉንም ጠራች።

«ይህ ደም ነው፤ ያውም ከጋስኬቱ ሥር። እንግዲህ ጋስኬቱ የገባው፣ ቴስታታውም የተጫነው ሰውየው ከተመታ በኋላ ነው። ገዳዩ ሬሳ አጋድሞ ሲለካ ነበር። እኚህ ሰውዬ ቴስታታን ከገንዳ አይለዩም። የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ቀሩ።» ሚስትየዋን አየቻት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «የሚያሳዝነው፣ ያን ሁሉ ደክሞ ልኩን ስቶታል። ትክክለኛው የሟቹ ነው።»

የትኛው ትክክል እንደሆነ መርማሪዋ ከየት አውቃ!

«ውሸት!» ወንድምየው ጮኸ። «ሁለቴ ለክቻለሁ! ጋሼ ነው በግማሽ ሚሊሜትር የሳተው!»

ካቴናው ከሚስትየዋ ዘንድ አልፎ እሱ እጅ ላይ ገባ።

«ለግማሽ ሚሊሜትር?» አለች ሚስትየዋ።

«ላሳየው መጣሁ እኮ። ‹አንተ ደግሞ መቼ ተምረህ› ብሎ ሳቀብኝ።»

ሚስትየዋ ዘንጓን አነሣች። ዓይን ዓይኑን እያየች ጠመዘዘቻት፤ ልኩ ጠፋ። መርማሪዋ አልከለከለቻትም።

«ተዪ! ተዪ አልኩሽ!» ሲል የወንድምየው እንባ ዱብ ዱብ አለ። ሬሳው ከተገኘ ወዲህ ሲያለቅስ ያዩት ያኔ ብቻ ነው።