ያልተማለ እውነት

በአሥራ ስምንት መቶ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የእንፋሎት መርከብ ገና ለዓይን ብርቅ በነበረበት፣ የቴሌግራፍ ሽቦም ተራራ ለተራራ መዘርጋት በጀመረበት ዘመን፣ ከወደቡ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ማተሚያ ቤት አንድ ፊደል ለቃሚ ይሠራ ነበር። ሥራው የእርሳስ ፊደላትን ከሣጥን እያነሣ በመስመር መደርደር ነበር፤ ዓይኑ ያለዕድሜው የደከመ፣ የጣቱ ጫፍ የጠቆረ፣ ከአፉ ትርፍ ቃል የማይወጣ፣ አንዴ ከተናገረ ደግሞ የማይመለስ ሰው ነበርና ባልንጀሮቹ «አራት ነጥብ» ብለው ይጠሩት ነበር።

አራት ነጥብ የአንዲት ትንሽና ጥብቅ ማኅበር አባል ነበር። ማኅበሪቱ ሕፃናትን አታጠምቅም፤ ምእመኖቿም ከቶ አይምሉም። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን የሚለውን ወንጌል እንደ ወረደ ይዘው፣ ዳኛ ፊት አንምልም በማለታቸው የታሰሩና መሬታቸውን የተነጠቁ አባቶች ነበሯቸው፤ የአራት ነጥብም አባት ከእነዚያ አንዱ ነበር። ገበያ ላይ ግን የእነሱ «አዎን» ከሌላው ሰው መሐላ ይበልጥ ይታመን ነበር።

በባሕር ማዶ ያለው የወንጌል ጣቢያ ማተሚያ መሣሪያ አግኝቶ የሚሠራበት ሰው አጥቶ ነበር፤ አዋላጅም ይፈልግ ነበር። የአራት ነጥብ ሚስት አዋላጅ ነበረች፤ ስለዚህ ጥሪው በስማቸው የመጣ መሰላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘጋጁ። በየማለዳው ከቁርስ በፊት፣ አንድ መርከበኛ ከነበረ ሽማግሌ የተማሩትን የባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ይደግሙ ነበር፤ ሚጢጢ የሚሏት አንዲት ልጃቸው በቋንቋው ሁለቱንም ቀደመቻቸው።

«አባዬ፣ ‹ውሃ ስጡኝ› በል አልኩህ እንጂ ‹ውሃ ውሰዱኝ› በል አልኩህ?» ትለዋለች።

«ምላሴ እርሳስ ሆነብኝ፣ ልጄ» ይላታል እሱ፤ በቤቱ ውስጥ ቀልድ የሚወጣው ለእሷ ብቻ ነበር።

እናቲቱ ለልጅቷ አራት ቀሚስ ሰፋች፤ በባዕድ አገር ስታድግ እየተፈታ እንዲረዝም የየቀሚሱን ጠርዝ አንድ ስንዝር አጠፈችው።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቃል ነው። ሰዎችን ወደ ወንጌል ጣቢያው የሚልከው ጉባኤ ደንብ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከወላጆቹ ጋር እንዳይሄድ፣ በጉባኤው ማሳደጊያ ቀርቶ እንዲማር ያዛል። ሚጢጢ ስድስት ዓመት ከሞላት አራት ወር ነበር፤ በእኛ አነጋገር ሰባት ገብታለች። አራት ነጥብ የመጠይቁን ወረቀት ሲሞላ «ሰባት ገብታለች» ሊጽፍ ነበር፤ የዕድሜው ቦታ ግን ጠባብ ሆነበት። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ቃልን ከመስመር ጋር ሲያስማማ የኖረ ነው፤ ያልበቃውን ማሳጠር በጣቱ ውስጥ ነበር። «ሰባት» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አጠፈው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ቸኩሎ እንኳ አልነበረም።

የይለፍ ወረቀቱ ሊነሡ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው ደረሰ። «ባልና ሚስት ይሂዱ፤ ልጅቱ በማሳደጊያው ትቆይ» ይላል። እናቲቱ አንብባ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በዚያው ሳምንት በሁለት መንግሥታት መካከል ጦርነት ታውጆ ነበርና፣ እርማት ለጉባኤው ለመላክ ቴሌግራፍ ቤት ሲሮጡ ሽቦው ለጦሩ ብቻ ሆኗል ተባሉ፤ ወደቡም ከመዘጋቱ በፊት የሚነሣ አንድ መርከብ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ወደቡ ድረስ ሄዳችሁ ለሹሙ አስረዱት» አሏቸው የማኅበሩ መጋቢ፤ «እውነት ተሸንፎ አያውቅም።» መጋቢው ደግ ሰው ነበሩ፤ ዓለምን ግን ብዙም አያውቋትም።

የወደቡ ሹም ቢሮ የዓሣና የቀለም ሽታ ያለበት ጠባብ ክፍል ነበር። በር ላይ ሰዎች እየተጋፉ ይጮኻሉ። ሹሙ ሦስት ቀን ያልተኛ፣ ነገር ግን ክፋት የሌለበት ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ጥፋተኛ ለሚፈልግ አንባቢ ነው።

«ይህ ወረቀት ሰባት ይላል» አለ።

«ሰባት ገብታለች ለማለት ነው፣ ጌታዬ። የሞላት ስድስት ነው። ቦታው ጠቦኝ ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።»

«የጥምቀት ወረቀትስ የላትም?»

«እኛ ሕፃን አናጠምቅም።»

ሹሙ ሚጢጢን አያትና ፈገግ አለ። «እንግዲያው መላ አለው። ሰባት ያልሞላው ልጅ በወላጆቹ ይለፍ ይጓዛል፤ ማስረጃ ከሌለ የአባት መሐላ እንደ ወረቀት ይቆጠራል። እጅዎን እዚህ መጽሐፍ ላይ አድርገው ይማሉ፤ እኔ ማኅተሜን እመታለሁ፤ አለቀ ደቀቀ።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ከእነሱ ማተሚያ ቤት የወጣ ነበር። አራት ነጥብ አወቀው፤ ገጹን ሁሉ በጣቱ የለቀመው እሱ ነው።

«ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው» አለ።

«ይምላሉ?»

«አልምልም። ስድስት ዓመቷ ነው።»

«እውነት ከሆነ ቢምሉ ምን ይጎዳዎታል?»

«እውነት ከሆነ መማል ምን ያስፈልጋል፣ ጌታዬ?»

ሚስቱ በዘጠኝ ዓመት ትዳር ባሏን ከአንቱታ በቀር ጠርታው አታውቅም፤ እናቷም አባቷን እንዲሁ ነበር የምትጠራው። አሁን ግን ክንዱን ያዘችና «ማል!» አለችው።

ዞሮ አያት።

«ማል እንጂ! ውሸት እኮ አይደለም! ስድስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ያማጥኩት እኔ ነኝ፤ ማል፣ አንተ ሰው!»

«አባቴ መሬቱን ያጣው በዚች ቃል ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለልጄ ብዬ ባፈርሳት፣ ባሕር ተሻግሬ የማስተምረው ምኑን ነው?»

«ልጅህን ጥለህ የምታስተምረውስ ምኑን ነው?»

እጁ ከኪሱ አልወጣም። ያን ጊዜ እሷ የገዛ እጇን መጽሐፉ ላይ አኖረች። ዘጠኝ ትውልድ ከዘሯ ማንም ያልደፈረውን ቃል ተናገረች። «በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፤ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው።»

ሹሙ አቀርቅሮ ብዕሩን አስቀመጠ። «እመቤቴ፣ አምኜዎታለሁ። ሕጉ ግን የአባት መሐላ ነው የሚለው፤ የእናት አይልም።»

ነፍሷን ሰጥታ ምንም አልገዛችም።

ማሳደጊያ ቤት ልጄን አልጥልም ብላ ቀረች። እሱም መሣሪያው ያለ ሠራተኛ ቆሟል፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ አለ፤ ወረቀቱ ሲታረም በሚቀጥለው መርከብ ትመጣላችሁ ብሎ ሁለቱንም ሳማቸው። ሚጢጢ በዚያ በባዕድ ቋንቋ «ደኅና ሁን» አለችው፤ እሱም በዚያው ቋንቋ መለሰላት። የእሷ አነጋገር ትክክል ነበር፤ የእሱ አልነበረም።

ወደቡ ለአራት ዓመት ተዘጋ። አራት ነጥብ በስምንተኛው ወር በንዳድ ሞተ፤ የሞቱ ወሬ የደረሳቸው ግን በሦስተኛው ዓመት ነው። ሚስቱን ማኅበሩ ስለ መሐላዋ ንስሐ ግቢ አላት። «እውነት ተናግሬ ንስሐ አልገባም» ብላ ከማኅበሩ ተለየች፤ የማኅበሩ እናቶች ምጥ ሲይዛቸው ግን በጓሮ በር ይጠሯት ነበር፤ እሷም ትሄድ ነበር።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማኅበሩ ታሪኩን አሳተመ። ለአራት ነጥብ ሁለት ገጽ ተሰጠው፤ በሹም ፊት ቃሉን ያላጠፈ የእምነት አርበኛ ተባለ፤ ሐሰት አይደለም። ስለ ሚስቱ «በእምነት ደክማ ከወደብ ተመለሰች» ይላል። ስለ ልጅቱ የሚል የለም። ታሪክ እምቢ ያለውን ሰው ይወዳል፤ እምቢታው የማንን ጉሮሮ እንዳነቀ መጠየቅ ልማዱ አይደለም።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ጸሐፊው ሚጢጢን ሊጠይቃት ሄዶ ነበር። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ እሷም እንደ እናቷ አዋላጅ ሆና ነበር። ስለ አባቷ ደግነት አንድ ነገር እንድትነግረው ለመናት፤ በመጨረሻም «መቼም ይወድሽ ነበር?» አላት።

«ይመስለኛል» አለችው። «መማል ግን አልችልም።»